የጋሽ ቱሉ ጓዳ

ሚልዮን ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ አንድ በርሜል ላይ አጎንብሶ አሳ ሲፈልግ ብሎኩ በሙሉ አይቶታል። በርሜሉ ውስጥ አሳ የለም። ውሃውም ቢሆን በፈረቃ የመጣ፣ ሚስቱ ፋዮ ለልብስ ብላ ያጠራቀመችው ነው። እሱ ግን ከዱባይ ያስመጣውን መሣሪያ ሳይሞክር ሐይቅ ድረስ ይዞ መሄድ አልፈለገም። ስክሪኑን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ በገመድ የተንጠለጠለችውን መዳፍ የምታክል ጥቁር ሴንሰር በርሜሉ ውስጥ ነክሮ፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ያያል፣ ደግሞ ይጫናል። የግቢው ጥበቃ ባለፈ ባገደመ ቁጥር "ዛሬስ ስንት ያዝክ?" ይለዋል።

ሚልዮን ሲስቁበት አብሮ ይስቃል፤ ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል። ሀብት የሚያፈሩት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚያፍረውማ አፍሮ ይቀራል። መርካቶ የመኪና ዕቃ ሲሸጥ ኖሮ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አሳ ቤት ከከፈተ ወዲህ ከሰው እጅ አሳ መግዛት ሰልችቶታል። ላንጋኖ ላይ ባለሞተር ጀልባ ገዛ፤ አብዱልጀባር የሚባል የአዳማ ልጅ ቀጠረ። አብዱልጀባር ሞተር ያውቃል እንጂ አሳ አያውቅም። ስለዚህ ጀልባዋ ነዳጅ ጠጥታ ባዶዋን ስትመለስ ከረመች። መሣሪያው የመጣው ለዚህ ነው።

ከበርሜሉ ወዲያ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ የፋዮ አባት ጋሽ ቱሉ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ላንጋኖ ላይ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ስትሞት ፋዮ "ብቻህን አትቀመጥም" ብላ ወደ ልደታ አመጣቻቸው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የባቡር ድምፅ እየሰሙ ይኖራሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ጀምሮታል። ማንም ክፉ ቃል ተናግሯቸው አያውቅም፤ ግን ለማንም አያስፈልጉም፣ እሳቸውም ማንንም አይጠቅሙም። ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደሚፈለግ ትርፍ ወንበር ሆነዋል።

"ጋሽ ቱሉ፣ ይምጡ እስቲ ይዩት" አለ ሚልዮን። "ይቺ ጥቁሯ ዕቃ ድምፅ ወደ ታች ትልካለች። ድምፁ ድንጋይም ይሁን አሳ ሲነካ ይመለሳል። ሲመለስ እዚህ ይሥለዋል።"

ጋሽ ቱሉ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ቀረቡ። አንድ ወፍራም መስመር ከቀኝ ወደ ግራ እየተንሸራተተ ነው።

"ምኑ ነው?"

"የበርሜሉ ታች። ሐይቅ ላይ ሲሆን አሳው እንደ ቅንድብ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ከቀኝ ጥግ የሚገባው አሁን ከጀልባዋ ሥር ያለው ነው፤ ወደ ግራ የሄደው ያለፍነው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ከፊቱ ያለውን የሚያይ መስሎት መረቡን ወደፊት ይጥላል።"

"የሚያሳየው ያለፈውን ነዋ።"

"ያለፈውንና ያለውን። የሚመጣውን አያውቅም።"

"እንደኛው ነው በለኛ" አሉና ሊመለሱ ሲሉ፣ ሚልዮን ሌላ ነገር አሳያቸው። ይህን ቁልፍ ሲጫኑ ሳተላይቱ ቦታውን ይይዘዋል፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን፣ ጭጋግም ቢሆን፣ መሣሪያው መርቶ እዚያው ነጥብ ላይ ያደርሳል አላቸው።

ጋሽ ቱሉ ወንበራቸውን ረሱት። "ዳር ላይ ያለው ምልክት ቢጠፋስ? ዛፍ ቢቆረጥ?"

"ዛፍ ምን ያደርግለታል? ከሰማይ ነው እኮ የሚያየው።"

ያን ቀን ማታ ጋሽ ቱሉ እራት በቅጡ አልበሉም። ልባቸው ላንጋኖ ሄዶ ነበር። የበኩር ልጃቸው ኢፋ እዚያ ነው ያለው። የላንጋኖ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ የሚመልሰው የለም። ጀልባውን ገልብጦ፣ ልጁን ከነመረቡ ጠቅልሎ ወሰደው። መረቡ ከታች ያለው ድንጋይ ይዞት ይሁን ሌላ፣ ኢፋ አልተንሳፈፈም። ውሃው ጠይም ነው፤ ክንድህን ብትነክር ጣትህን አታይም። ዋናተኞች ወረዱ፣ ዳበሱ፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ። መቃብር የለውም። ያለው ቦታ ብቻ ነው። ቦታውን ደግሞ የሚያውቁት አባትየው ናቸው፦ ዳር ላይ ብቻዋን የቆመችው ግራር ከተራራው ትከሻ ጋር ስትገጥም፣ ከታች የድንጋይ ጉብታ አለ፤ እዚያ ላይ ነው። ሙት ዓመቱ በደረሰ ቁጥር እየቀዘፉ ሄደው ጥቂት ቆይተው ይመለሱ ነበር። ሚስታቸው ስትሞት የመጨረሻ ቃሏ "ቦታው እንዳይጠፋብህ" የሚል ነበር። ልደታ ከመጡ ወዲህ አንድም ጊዜ አልሄዱም። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ጉዳይ ቢኖር ያቺ ቦታ ሳትጠፋባቸው መሞት ነው።

የድሮ ጀልበኞች እንዲህ ባለ ቦታ ሲያልፉ መቅዘፊያ ያነሣሉ፣ ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ያልፋሉ። መረብ አይጥሉበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ የወሰደውን ሰው ስም ውሃ ላይ አይጠሩም። የብስ ላይ የፈለጉትን ያህል ጠርተው ያልቅሱ፤ ውሃ ላይ ግን አፍ ይዘጋል። ውሃ ስም ከለመደ ዘመዱንም ይጠራል ይባላል። ሞኝነት ነው የሚል ካለ፣ እሱ ልጅ ለውሃ ሰጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ሚልዮን "ቦታዎቹን መጥተው ያሳዩናል?" ሲላቸው፣ ጋሽ ቱሉ ቃሉን ሳይጨርስ ነው እሺ ያሉት። ሚልዮን ቆሮሶ የሚባለው አሳ የሚውልበትን፣ አምባዛ የሚተኛበትን ፈልጎ ነው። እሳቸው የሚያስቡት ሌላ ነው።

እሁድ ጠዋት ላንጋኖ ላይ ነበሩ። አብዱልጀባር ከኋላ ሞተሩን ይዟል፣ ሚልዮን መሐል ላይ ስክሪኑን፣ ጋሽ ቱሉ ከፊት። እግራቸው ጀልባ ሲረግጥ ጎበጣቸው ቀና አለ። እዚህ ጋ፣ ከቄጠማው ወዲህ፣ ዝናብ ሲገባ ቆሮሶ ይወጣል። ሚልዮን ይጫናል፣ መሣሪያው ጢን ይላል። እዚህ ጋ፣ ጭቃው ላይ፣ አምባዛ። ጢን። የዕድሜ ልካቸውን ዕውቀት እንዲህ እንደ ዋዛ አራግፈው ሰጡት፤ አልቆጫቸውም። በልባቸው የሚያስቡት ወደ ጥልቁ ስለሚሄዱበት ሰዓት ብቻ ነው።

ወደ ጥልቁ ሲዞሩ ግራሯ የለችም። በቆመችበት የሎጅ ባለ ሣር ጣሪያ ቤቶች ተደርድረዋል። ጋሽ ቱሉ ዓይናቸውን ቢያሹ፣ በእጃቸው ቢከልሉ፣ የተራራው ትከሻ እንደ ጢስ ሆኖባቸዋል። ደነገጡ። ወዲህ አሉ፣ ወዲያ አሉ፣ አብዱልጀባር ከኋላ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ ተነሥተው ሚልዮን አጠገብ ተቀመጡና አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ። የታችኛው መስመር ሜዳ ሆኖ ሄደ፣ ሄደ፤ ከዚያ በቀኝ በኩል ድንገት ሽቅብ ወጣ። የድንጋዩ ጉብታ ነው። አወቁት።

"ሞተሩን አጥፋ" አሉ።

ጸጥ አለ። ጋሽ ቱሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። ስክሪኑ ላይ፣ ከጉብታው በላይ፣ ቅንድቦች እርስ በርስ ተደራርበው ሞልተዋል፤ ወፋፍራም ናቸው። ማንም መረብ ጥሎበት የማያውቅ ቦታ ነውና አሳው እንደ ልቡ ኖሯል። ልጄ ብቻውን አልነበረም ብለው አሰቡ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ሚልዮን ስክሪኑን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ደግሞ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ ቁልፉን ተጫነ። ጢን።

ጋሽ ቱሉ ያቺን ጣት አዩዋት። ገባው አሉ በልባቸው። ይህ የመርካቶ ልጅ፣ ትርፍና ኪሳራ ብቻ የሚያውቅ ሲመስለኝ፣ ሳልነግረው ገባው፤ ስሙን ሳያስጠራኝ የልጄን ቦታ ያዘልኝ። ለሚልዮን የገባው ሌላ ነበር። ይህን ግን ያወቁት በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አማቻቸውን "ልጄ" ማለት ጀመሩ። ሲወጣ ይመርቁታል፣ ሲገባ ይነሡለታል፤ እሱ ደግሞ "ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ" እያለ ይሽኮረመማል። ሐይቁ ዳር ሌባ ስላለ ሚልዮን መሣሪያውን እሁድ ማታ ይዞ ይመጣል፤ ሰኞ ከሰዓት በረዶ የሚጭነው መኪና ይዞት ይመለሳል። እሁድ ማታ ጋሽ ቱሉ "እስቲ ክፈትልኝ" ይሉታል። ካርታው ሲከፈት ያቺን ነጥብ አይተው፣ አማትበው ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ቁልፎቹን ቀስ በቀስ ለመዱ፦ እንዴት እንደሚበራ፣ እንዴት እንደሚቀርብ፣ በስሕተት የተያዘ ነጥብ እንዴት እንደሚጠፋ። ስለ ኢፋ ግን አላነሡም። የሚያውቀውን ሰው ምን ብለው ይነግሩታል? ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። ዝምታም እንደሚነቅዝ የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። አዲስ አበባ ሥጋና ወተት ስትተው አሳ ላይ ነው የምትወድቀው፤ በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ቄሶቹ ሳይጨርሱት ሕዝቡ በልቶ ጨርሶታል። የሚልዮን ቤት በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ጀልባዋ ባዶዋን መመለስ አቆመች። ሚልዮን ወዝ አወጣ፣ ለፋዮ ጫማ ገዛላት፣ ለጋሽ ቱሉ ጋቢ። አንድ እሁድ ማታ ደግሞ ክንድ የሚያህል ቆሮሶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣና "ይሄ ለሆቴል አይሸጥም፤ የጋሽ ቱሉ ነው" አለ።

ፋዮ በዘይት ጠበሰችው፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ይዛ ቀረበች። ጋሽ ቱሉ እንደዚህ ያለ ቆሮሶ ካዩ ቆይተዋል። ጀርባውን ፈለቀቁ፣ ጉንጩን ፈለቀቁ፣ እሾሁን በጣታቸው እየለዩ ጠጡት ማለት ይቻላል። ፋዮ አባቷ እንዲህ ሲበሉ ካየች ስለቆየች ደስ ብሏት የራሷን ድርሻ ወደ እሳቸው ገፋችው።

"ይሄ ዳር ላይ ያደገ አይደለም" አሉ ጣታቸውን እየላሱ። "ጥልቅ ውሃ የጠገበ ነው። ከየት አገኛችሁት?"

ሚልዮን ሳቀ። "ከየት ይሁን? ሞተር ካስጠፉን ቦታ ነዋ።"

ጋሽ ቱሉ እጃቸው ትሪው ላይ ቀረ።

"ያን ቀን ሁሉንም አሳይተውን ያቺን ብቻ በዝምታ ሊያልፏት ነበር" አለ ሚልዮን፣ በፍቅር እንደሚቀልድ ሰው። "ስክሪኑን ሳየው አበድኩ። ለካ ዋናውን ደብቀውን ነው! አልፈረድኩብዎትም፤ አሳ አጥማጅ ጓዳውን ለሰው አያሳይም። እኔም ዝም ብዬ ያዝኳት። ‘የጋሽ ቱሉ ጓዳ’ ነው ያልኳት፤ ተመልከቱ፣ መሣሪያው ላይ ስሟም ተጽፏል። ጾሙን በሙሉ የያዘችን እሷ ናት።"

ጋሽ ቱሉ አፋቸው ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቃታቸው። ቀስ ብለው ተነሡ፣ መታጠቢያ ቤት ገቡ፣ ቧንቧው ሲፈስ ተሰማ። ሲመለሱ ጢማቸው ርሷል። ቆመው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ "ኢፋ እዚያ ነው" አሉ።

ፋዮ የወንድሟን ስም ከአባቷ አፍ ከሰማች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ትሪውን አየች። የራሷን ጣቶች አየች። ከዚያ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

ሚልዮን ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ረግመህ ትገላገለዋለህ። ራሱን ያዘ፣ "አላወቅኩም፣ በእመብርሃን አላወቅኩም" አለ፣ ተነሥቶ የጋሽ ቱሉን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ግን ነጋዴው ተመልሶ ነበር። "ጋሽ ቱሉ፣ ለሆቴሎቹ ቃል ገብቻለሁ። ጾሙ እስኪፈታ ብቻ ይታገሡኝ። ከዚያ በኋላ ማንም እዚያ መረብ አይጥልም። ሙት ዓመቱን እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ።"

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ጋሽ ቱሉ ይህን ተረት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ስለ ውሃ ብቻ ይመስላቸው ነበር።

ጠዋት ባልና ሚስቱ ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል፣ መሣሪያውን ከብፌው ላይ አወረዱት። ከባትሪው ጋር አገናኙት። ካርታው ተከፈተ። ነጥቧን ፈልገው አገኙ፣ አቀረቧት። ጣታቸው ማጥፊያው ላይ ደርሶ ቆመ። ግራሯ ተቆርጣለች። ዓይናቸው እየሄደ ነው። ይህችን ካጠፉ ኢፋ የት እንዳለ የሚያውቅ ነገር በምድር ላይ አይኖርም፤ ካላጠፉ ደግሞ ነገም መረብ ይወርድበታል። ሚስታቸውን ይቅር በይኝ አሏት፣ ጮክ ብለው። ተጫኑ። ማሽኑ የሆነ ነገር ጠየቃቸው፤ ጽሑፉን ማንበብ ባይችሉም "እርግጠኛ ነህ?" እንደሚል ሚልዮን ነግሯቸዋል። ደግመው ተጫኑ። ያኔ የወሰደው ውሃው ነው፤ አሁን የገዛ ጣታቸው ነው። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ውሃ ብቻ ቀረ፣ እሳቸውም ፊቱ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በማግሥቱም በሳምንቱም ግን አሳው አልቀነሰም። ፋዮ ሱቁን ስታግዝ ውላ ስትመጣ ከልብሷ ሽታው ይቀድማታል። "ትልልቅ ነው የሚመጣው?" ይሏታል። ልብሷን ልትቀይር ትገባለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚልዮን ገላውን ሲታጠብ፣ አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ መሣሪያው ላይ ያጠፋኸው አንተ ነህ አይደል?"

"ነኝ።"

"አልጠፋም። ምልክቱ ከስልኩ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ ብታጠፋው ሁለቱ ሲቀራረቡ ስልኩ መልሶ ይጭነዋል።"

"ተመስገን" አሉ ጋሽ ቱሉ።

ቃሉ ያመለጣቸው ሳያስቡት ነው። ፋዮ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ተጸየፉ። መረቡ በየቀኑ እየወረደበት እንደሆነ ነው የነገረችኝ፣ እኔ ግን ቦታው ስላልጠፋ ደስ አለኝ አሉ በልባቸው። ደስ አላቸው፤ ምን ይደረግ። ከሀፍረታቸው በታች፣ እንደዚያ እንደ ድንጋዩ ጉብታ፣ ደስታው ቁጭ ብሎ ነበር።

"እስቲ አሳዪኝ" አሉ።

ፋዮ ቻርጅ ላይ ያለውን ስልክ ነቅላ ከፈተችላቸው። ነጥቧ አለች። ከጎኗ "የጋሽ ቱሉ ጓዳ" ይላል። አነበበችላቸው።

"ይሄን ስም መቀየር ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"እንግዲያው ቀይሪው። ኢፋ በይው።"

ፋዮ ባሏ ያለበትን የመታጠቢያ ቤት በር ገልመጥ አድርጋ አየች። "ሲያየው ያፍራል ብለህ ነው?"

"ጓዳማ ተብሎ ማን ይተዋል? የሰው ስም ያለበት ላይ ግን ማን ደፍሮ መረብ ይጥላል?"

እያለቀሰች ጻፈችው። ጋሽ ቱሉ የልጃቸውን ስም ፊደሉን ባያዩትም በጣታቸው ዳበሱት። ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የብስ ላይ ነው ያሉት፤ እዚህ ስም መጥራትም መጻፍም ነውር የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጃቸው የመቃብር ድንጋይ ያቆሙለት ያህል ተሰማቸው። ያን ሌሊት ደህና ተኙ።

እሁድ ማታ መሣሪያው ቤት መጣ፤ ሰኞም ሁሉም ነገር እንደወትሮው አለፈ፣ መሣሪያውም በበረዶ መኪናው ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ሚልዮን ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነው። ጋሽ ቱሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፣ ፋዮ ጫማዋን እያሰረች ነው። ስልኩ ጠራ። ሚልዮን እጁ ዳቦ ስለያዘ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ድምፁን ከፈተው። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ፣ ከዚያ የሞተር ድምፅ፣ ከዚያ አብዱልጀባር፣ ከውሃው መሐል እየጮኸ፦

"አለቃ! ጓዳው የለም እኮ! እዚያው ቦታ ላይ ኢፋ የሚል ነው ያለው። ኢፋ ላይ ልጣል?"

የሚልዮን ብርጭቆ ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። ፋዮን አየ። ጋሽ ቱሉን አየ።

"አለቃ ይሰማል? ኢፋ ላይ ነው የምጥለው? ኢፋ! ኢ-ፋ!"

ሚልዮን ስልኩን አንሥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው፣ በረንዳው ላይ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ። የሚናገረው አይሰማም። በመስተዋቱ ግን ጀርባው ይታያል፤ ለሞራ ዓይን እንኳ ይታያል። ከዚያ እሺ እንደሚል ሰው ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ ወደ ታች ነቀነቀ።

ፋዮ የጫማዋን ማሰሪያ ይዛ ቀረች። ጋሽ ቱሉ ልጃቸው ከሰጠመ ወዲህ፣ በሰጠመበት ቀን እንኳ፣ እዚያ ውሃ ላይ ያልጠሩትን ስም አብዱልጀባር ጮክ ብሎ ደጋግሞ ጠርቶታል። ያስጻፉት እሳቸው ናቸው።